ሐረር እና ሀረር እኩል ናቸው?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። አንድ ድርጅት ሲፈትነኝ ተጠቃሚው ያስገባው ከተማ «ሐረር» መሆኑን የሚያረጋግጥ ፕሮግራም ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍሁ። == በሚለው የማነጻጸሪያ ምልክት ሳነጻጽረው ትክክለኛው ቃል ገብቶም «አይደለም» አለ። ፈታኞቹ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ዝም አልሁ። ወደ ሒሳብ ሥራ ልዙር?

መልስ፦ እህቴ፣ በድሬ ልማድ አንቺ ልበልሽና፣ ለመዞር አትቸኩዪ። የጎዳሽ ከስህተቱ ይልቅ ዝምታሽ ይመስለኛል። በዚህ ስህተት ያላለፈ የጃቫ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ፈታኞችም የሚወዱት ጥያቄ ነው።

በጃቫ == የሚጠይቀው ሁለቱ ጽሑፎች ሜሞሪ ውስጥ አንድ ዕቃ መሆናቸውን ነው። ፊደላቱን የሚያነጻጽረው ኢኳልስ (equals) የሚባለው የጃቫ ትእዛዝ ነው። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፦ ኮዱ ውስጥ ሁለት ቦታ «ሐረር» ብለሽ በቀጥታ ብትጽፊ ጃቫ አንዱን ብቻ ስለሚያስቀምጥ == «አዎ» ይላል። ከቁልፍ ሰሌዳ የገባው ግን አዲስ ዕቃ ነው። ስለዚህ ቤትሽ ሲሠራ የነበረው ፈተና ላይ ይከዳሻል። ይህን ጮክ ብለሽ፣ ለሰው እንደምታስረጂ ሆነሽ ተለማመጂው። ፓይተን በሚባለው ሌላው የፕሮግራም ቋንቋ == ይዘትን እንደሚያነጻጽርም ጨምሪበት።

ኢኳልስም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። ተጠቃሚው «ሀረር» ብሎ ቢጽፍስ? ሀ እና ሐ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው መልሱ «አይደለም» ነው። «ድሬዳዋ» እና «ድሬ ዳዋ» በአንድ ክፍት ቦታ ይለያያሉ። የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነትን የሚያልፍ ትእዛዝ ጃቫ አለው፤ ለእኛ ሞክሼ ፊደላት ግን ራስሽ መጻፍ አለብሽ፦ ትርፍ ክፍት ቦታን አስወግደሽ፣ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው ትመልሻለሽ። ሃንም ከሀ ጋር አንድ ማድረግ አትርሺ። ይህ ለማነጻጸር ብቻ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሰው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጥ።

ይህንኑ የተደገመ የደንበኛ ስም የሚለይ ትንሽ ፕሮግራም አድርጊው። በድሬዳዋ ሰፈሮች፣ በከዚራም ሆነ በሳቢያን፣ ስም በአማርኛ የሚመዘግብ ክሊኒክ ወይም ሆቴል ችግሩን ሳታብራሪለት ያውቀዋል። በሥራ ማመልከቻሽ ላይ ከምስክር ወረቀትሽ በፊት ጥቀሺው። ገንዘብ የሚከፈልበት ተጨማሪ ሥልጠና ለጊዜው ይቆይ። ለፈተነሽ ድርጅትም አጭር ደብዳቤ ላኪ፦ የዚያን ቀን ያልመለስሽውን በሦስት መስመር አብራርተሽ ፕሮግራሙን አያይዢ። ድጋሚ ፈተኑኝ ብለሽ አትለምኚ፤ ቀጣዩ ክፍት የሥራ ቦታ መቼ እንደሚወጣ ብቻ ጠይቂ።