አሥር ዓመት አብሮ ሠርቶ አለመተዋወቅ

ባለፈው እትም «ፍሪረን» ስለሚባለው አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን የካርቱን ተከታታይ፣ አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር የጻፍኩት። ደብዳቤው ግን እስካሁን አላቆመም። ስለ አኒሜው ከሚጠይቁት ይልቅ ስለ ሥራ ቦታቸው የሚያወሩት ይበዛሉ፤ እኔንም ደስ ያሰኘኝ ይሄ ነው። ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፍሪረን ከሺህ ዓመት በላይ የኖረች አስማተኛ ናት። ኤልፍ ከሚባሉት ረጅም ዕድሜ ያላቸው የተረት ፍጡራን ስለሆነች አታረጅም ማለት ይቻላል። ከጀግናው ሂመል፣ ከካህኑ ሃይተርና ከተዋጊው አይዘን ጋር አሥር ዓመት ተጉዛ የአጋንንቱን ንጉሥ ታሸንፋለች። ሌላ ታሪክ ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ይሄኛው ግን ከዚህ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ሰባት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን የሠራን ባልደረባዬ ባለፈው ወር ጡረታ ወጡ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በሽኝቱ ቀን ንግግር አድርጊ ተባልኩ፤ ወረቀት ይዤ ብቀመጥ አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። ልጆች ይኑሯቸው አይኑሯቸው አላውቅም። እኛ ጋር ከመምጣታቸው በፊት የት እንደሠሩም አላውቅም። ከዚያ ፍሪረንን ከፈትኩና በመጀመሪያው ክፍል አለቀስኩ። 34 ዓመቴ ነው። ያሳፍራል? ደግሞስ አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ አያሳፍርም እህቴ። እኔም እዚያው ላይ ነው ያለቀስኩት።

ነገሩን እናስታውሰው። ከድሉ በኋላ አራቱ ጓደኛሞች በ50 ዓመት አንዴ የሚታየውን የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ አብረው ያያሉ። ፍሪረን «የዛሬ 50 ዓመት ደግሞ የበለጠ የሚታይበት ቦታ አሳያችኋለሁ» ብላ እንደ ቀላል ነገር ቃል ትገባና ትሄዳለች። ለሷ 50 ዓመት ምንም አይደለም። ስትመለስ ሂመል አርጅቶ፣ ራሰ በራ ሆኖ ይጠብቃታል። ኮከቦቹን አብረው አይተው ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ቀብሩ ላይ ሰዎች «ይቺ ሴት ፊቷ ላይ ሐዘን እንኳን የለም» ሲሉ ይሰማሉ። እሷም መጀመሪያ እንደዚያ ይመስላታል፤ አሥር ዓመት ብቻ አብሬው የተጓዝኩ ሰው፣ ብዙም የማላውቀው ሰው ነው ትላለች። ከዚያ እንባዋ ይመጣል። የሰው ዕድሜ አጭር መሆኑን እያወቅኩ ለምን የበለጠ ላውቀው አልሞከርኩም ብላ ታለቅሳለች።

ልብ በይ፤ ፍሪረን ክፉ አልነበረችም። ሂመልን አልጠላችውም። ጊዜ ያለ መስሏት ነው። አንቺም ጊዜ ያለ መስሎሽ ነው። ደግሞ ሥራ የሚያታልለን ቀኑን ሙሉ ስለሚያነጋግረን ነው። «ያ ፋይል የት ደረሰ?»፣ «ተፈርሞ መጣ?»፣ «ነገ ስንት ሰዓት ነው ስብሰባው?» እያልን እንውላለን። ይሄን ሁሉ ያወራነው ሰው የምናውቀው ይመስለናል። የምናውቀው ግን ሥራውን ብቻ ነው።

የራሴን ልንገርሽ። ስጀምር ጽሑፌን የሚያርሙልኝ አንድ አዛውንት ነበሩ። አራት ዓመት በእርሳስ አረሙኝ። የእጅ ጽሑፋቸውን ከሺህ ሰው መሀል እለየው ነበር። ግጥም ይጽፉ እንደነበር የሰማሁት ከሞቱ በኋላ ነው። ግጥም እኮ! አራት ዓመት ቃላቴን አንድ በአንድ ሲያስተካክሉልኝ «እርስዎስ ይጽፋሉ?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም። ይሄ ነገር አሁንም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ያንቺው ግን በሕይወት አሉ። ደውይላቸው! ምን ብዬ ካልሽ ሰበብ ፈልጊ፤ ሰበብ ነውር የለውም። ካህኑ ሃይተር ያደረገውን አይተሻል። ያሳደጋትን የሙት ልጅ፣ ፈርንን፣ ለፍሪረን ሊያስረክብ ፈልጎ ፍሪረን አይሆንም ስትለው፣ አንድ ከባድ የአስማት መጽሐፍ ፍቺልኝ፣ እግረ መንገድሽንም ልጅቷን አስተምሪያት አላት። መጽሐፉን ስትፈታ ዓመታት አለፉ፣ ልጅቷም አስማቱን ተማረች፣ ሁለቱም ተላመዱ። አንቺም እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን አንድ የሥራ ጥያቄ ይዘሽ ደውይ። ከመለሱልሽ በኋላ ስልኩን ቶሎ አትዝጊ። ዋናው እሱ ነው።

ሌላም አለ። ሂመል በየደረሰበት ሐውልቱን ያሠራ ነበር፤ አቋቋሙን እየመረጠ፣ እየተጨነቀ። ሰው እንዳይረሳን ይላል። ለፍሪረን የነገራት ምክንያት ግን ሌላ ነው፦ እኛ በሌለንበት ዘመን ብቻሽን እንዳትሆኚ። የአንቺ ባልደረባ ሐውልት አላሠሩም። ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቢ ግን እጅሽን ተመልከቺው። ወረቀቱን የምታስቀምጪበት መንገድ፣ ደብዳቤ ከመላክሽ በፊት ሁለቴ የማንበብ ልማድሽ፣ የተናደደ ባለጉዳይ ሲመጣ ድምፅሽን ዝቅ የምታደርጊው ነገር፣ ይሄ ከማን መጣ? በሽኝቱ ቀን የጠፋሽ ንግግር እኮ እዚያ ውስጥ ነበር። ጻፊውና ላኪላቸው። ቢዘገይም ይደርሳል።

የሳቸው ወንበር ላይ አሁን ማን ተቀምጧል? እሱንም ጠይቂው። ፍሪረን ተጫዋች ሰው አልሆነችም፣ አንቺም መሆን የለብሽም። ለፈርን ልደት የፀጉር ጌጥ ስትሰጣት ልጅቷ ምን እንደምትወድ እርግጠኛ አልነበረችም። ፈርንን ያስደሰታት ግን ልታውቀኝ ሞክራለች የሚለው ነው። አንድ ነገር ላይ ብቻ ከፍሪረን እለያለሁ። ለሂመል ሐውልት የሚሆን ሰማያዊ አበባ ፍለጋ ግማሽ ዓመት አንድ ቦታ ትቆያለች፤ ፈርን ግን ይሄ ነገር ማለቂያው የት ነው ብላ ትጨነቃለች። ትዕይንቱን እወደዋለሁ። የማስረከቢያ ቀን ያለው ሥራ ላይ ግን እኔ ከፈርን ጋር ነኝ። ሰውን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ በየቀኑ ከሆነ።

ጥያቄ፦ በዲዛይን ሥራ 20 ዓመት ቆይቻለሁ። ድሮ እኔ ካልመጣሁ የማይሠራ የነበረውን ነገር ዛሬ አዲስ የተቀጠሩ ልጆች በኮምፒውተር በደቂቃ ይጨርሱታል። ልጄ ያንተን ጽሑፍ አንብባ «አባዬ፣ አንተ ክቫልን ሆነሃል» አለችኝ። ማን ነው እሱ? ልከፋ ወይስ ልሳቅ?

መልስ፦ ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረችዎት።

ክቫል አንድ አደገኛ ጋኔን ነው። ዞልትራክ የሚባል ጋሻም ጦር ዕቃም የማይመልሰው የግድያ አስማት ፈጠረ። የሂመል ቡድን ሊያሸንፈው ስላልቻለ አሽገው ብቻ ተዉት። ከ80 ዓመት በኋላ ፍሪረን ማኅተሙን ስትፈታው ያንን አስማቱን ይተኩሳል፤ ወጣቷ ፈርን ግን በመከላከያ አስማት ትመልሰዋለች። እሱ ታሽጎ በቆየበት ጊዜ የሰው አስማተኞች ዞልትራክን ሲያጠኑት፣ መከላከያ ሲሠሩለት፣ ራሳቸውም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አሁን ስሙ እንኳን ተራ የማጥቂያ አስማት ሆኗል። በዓለም የተፈራ ነገር ጀማሪ የሚማረው ሆኖ ቀረ።

ልጅዎ ያልነገረችዎት ይሄን ነው፦ ክቫል የተሸነፈው ስላረጀ አይደለም። ለ80 ዓመት ምንም ስላላየ ነው። መከላከያውን ባየ በጥቂት ቅጽበት እኮ ብዙ ኃይል የሚበላ መሆኑን ገባውና ስልቱን ለወጠ! ልምድ ማለት ያ ዓይን ነው። እርስዎ ደግሞ የታሸጉ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ከልጆቹ አንዱ አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጡና «እስቲ አሳየኝ» ይበሉት። መጀመሪያ ሳምንት ይከብዳል፤ ከ20 ዓመት በኋላ ተማሪ መሆን ክብር የሚነካ ይመስላል። ፍሪረን ራሷ ግን ከተማሪዋ ትሰማለች። በአስማተኞች ፈተና ጊዜ በአስማት ከተሠራ የፍሪረን ቅጂ ጋር መዋጋት ሲመጣ፣ ፍሪረን አስማት በምትተኩስበት ቅጽበት የሌላውን ኃይል መለየት እንደምታቆም ያወቀችው ፈርን ናት። መምህሯ አልተቆጣችም። ድክመቷን ይዘው አብረው አሸነፉበት።

እርስዎ ጋር ያለው፣ ልጆቹ ጋር የሌለው ደግሞ «ለምን» የሚለው ነው። ይሄ ቀለም እዚህ ለምን አይሄድም? ደንበኛው «አልወደድኩትም» ሲል ምን ማለቱ ነው? በደቂቃ የተሠራ ሥራ በደቂቃ ሲበላሽ የሚያየው እርስዎ ነዎት። አይከፉ፣ ይሳቁ ወንድሜ። ከልጅዎ ጋርም አብረው ይዩት።

ጥያቄ፦ ለቡድን መሪነት ተወዳድሬ ወደቅኩ። የተመረጠው ሰው ሥራውን ሳይጀምር ሌላ ቦታ ሄደ፤ አሁን ኃላፊነቱ ያለ ሹመት እኔ ላይ ወድቋል። ልተወው?

መልስ፦ ስለ ሂመልና ስለ ጀግናው ሰይፍ አስብ። አንድ መንደር ውስጥ እውነተኛው ጀግና ብቻ የሚነቅለው የተባለ ሰይፍ አለ። ዓለም ሁሉ ሂመል ነቀለው ብሎ ያምናል። ሂመል ግን ሞክሮ አልቻለም። ሰይፉ ዛሬም እዚያው ተተክሏል። እሱ ግን ንጉሡን ካሸነፍኩ የሰይፉ እውነትና ሐሰት ለውጥ የለውም ብሎ ያለ ሰይፉ ሄደ፣ አሸነፈም።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ሂመል ጉዞውን የመረጠው ራሱ ነው፤ አንተ ላይ ግን ሥራው ተጥሎብሃል። ስለዚህ ሥራውን ውደደው፣ ሠርተህም አሳይ፣ ግን የጊዜ ገደብ አስቀምጥለት። ሦስት ወር በል። በየሳምንቱ የሠራኸውን መዝግብ። ቀኑ ሲደርስ ወረቀቱን ይዘህ አለቃህ ጋር ግባና ሹመቱንም ደሞዙንም በግልጽ ጠይቅ። እምቢ ካሉህ ያ መዝገብ ለሌላ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ይሆንሃል።

ጥያቄ፦ አኒሜ አይቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር? ይረዝማል?

መልስ፦ የመጀመሪያው ሲዝን 28 ክፍል ነው። ማድሀውስ የሚባለው የጃፓን ስቱዲዮ ነው የሠራው፤ ከእ.ኤ.አ. መስከረም 2023 እስከ መጋቢት 2024 ታየ። ከዚያ በፊት ካነሂቶ ያማዳ የጻፈው፣ ጹካሳ አቤ የሳለው ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚነገር የጃፓን ታሪክ፣ ነበር፤ እሱ በ2020 ነው የጀመረው። የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች በቴሌቪዥን አንድ ላይ እንደ ፊልም ነው የቀረቡት፣ ስለዚህ አንቺም ሳታቋርጪ አንድ ላይ እያቸው። ውጊያ ጠብቀሽ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ዝግ ያለ ይመስልሻል፤ አታቋርጪው። ስልክሽንም ራቅ አድርጊው፣ ብዙው ነገር የሚነገረው በዝምታ ነው። ስትጨርሺ ጻፊልኝ፤ የትኛው ክፍል ላይ እንዳቆምሽና ለማን እንደደወልሽ ማወቅ እፈልጋለሁ።