ያለ ፈቃድ ስለሚያበሩ ሰዎች ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ

ካፒቴን፦ ለገጣፎ የምኖር ጡረተኛ የበረራ አስተማሪ ነኝ። ስለ ትናንሽ አውሮፕላኖችና ያለ ፈቃድ ስለሚያበሯቸው ሰዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ስለ ትኬት፣ ስለ ሻንጣና ስለ ሆስተስ ቅጥር አልመልስም።

ከሰንዳፋ፦ ካፒቴን፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ትንሽ አውሮፕላን ጣሪያችንን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ፈቃድ የሌለው ሰው ይሆን?

ካፒቴን፦ ዝቅ ብሎ ያለፈ ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም። የሰንዳፋ መሬት ራሱ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ መውጣት አቅቶት ይሆናል። በዓለም አቀፉ ደንብ ከከተማ በላይ ቢያንስ 300 ሜትር፣ ከባዶ ሜዳ በላይ 150 ሜትር መራቅ አለበት። ከዚያ ወረደ ካላችሁ «ኢቲ» ብሎ የሚጀምረውን ምልክት ጽፋችሁ ለሲቪል አቪዬሽን አመልክቱ።

ከኮዬ ፈጬ፦ ሆስተስ ለመሆን ቁመት ስንት ነው?

ካፒቴን፦ አንብቡ እንጂ!

ከሱሉልታ፦ እኔ የኮምፒውተር በረራ መለማመጃ (ሲሙሌተር) ላይ ጎበዝ ነኝ። እውነተኛ ሴስና አውሮፕላን ቢሰጡኝ የማበር ይመስለኛል።

ካፒቴን፦ ሞተሩንማ ታስነሳዋለህ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ዩቲዩብ ላይ የምታየው ሰውዬ ባሕር ዳርቻ ነው ያለው። ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። 160 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ 120 ያህል ነው የሚቀረው። ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ክንፉም እንደዚያው፤ ለመነሳት ብዙ መንደርደር ይፈልጋል። ያ ሰውዬ ነዳጁን ከአየሩ ጋር የሚያመጣጥነውን እጀታ ይዞ «ቀዩን እጀታ እስከ መጨረሻው ግፋ» ይልሃል። እዚህ ከገፋኸው ሞተሩ በነዳጅ ይታፈናል። እኛ ሞተሩን ከፍተን ቀዩን ቀስ እያልን እንስባለን። ድምፁ ይጠራል፣ ዙሩ ይጨምራል። ዙሩ መቀነስ ሲጀምር እጀታውን ትንሽ ወደ ውስጥ እንመልሰዋለን። ይህን የማያውቅ ሰው ከመሬት ይነሳና ከፊቱ እንጦጦ ይጠብቀዋል። እንጦጦ 3,200 ሜትር ነው፤ ዞር አይልልህም።

ከቡራዩ፦ ከናንት ክለብ ወደ ካርዲፍ ክለብ ሲዛወር በአውሮፕላን አደጋ የሞተው የኳስ ተጫዋች የኤሚሊያኖ ሳላ አብራሪ ፈቃድ አልነበረውም ይባላል። እውነት ነው?

ካፒቴን፦ ጥሩ ጥያቄ። ነበረው፤ ግን የግል ነው። በግል ፈቃድ ሰው በክፍያ አይጫንም። እ.ኤ.አ. ጥር 2019 ከናንት ወደ ካርዲፍ በማታ ነው የሄዱት። የማታ በረራ ፈቃድ አልነበረውም። ለዚያ አውሮፕላን ዓይነት የነበረውም ጊዜው አልፎበታል። መጥፎ አየር ገጠማቸው፣ አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ወጣ። የጭስ ማውጫ መርዝ ወደ ውስጥ መግባቱም በምርመራ ተገኝቷል። በረራውን ያዘጋጀው ሰው በ2021 የ18 ወር እስራት ተፈረደበት። «የማውቀው ልጅ በርካሽ ያደርስሃል» የሚሏችሁን እንዲህ እዩት። እና ደመና ውስጥ አትግቡ።

ከአያት፦ ካርዲፍ ግን የዝውውር ገንዘቡን ለናንት መክፈል አልነበረበትም። ልጁ አንድ ቀን እንኳን አልተጫወተላቸውም!

ከቡራዩ፦ ተፈርሟል እኮ ወንድሜ። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱም በ2022 የካርዲፍን ይግባኝ ውድቅ አድርጓል።

ከአያት፦ ፍርድ ቤት ስላለ ልክ ነው ማለት ነው?

ካፒቴን፦ ኳሱን ተዉት። ቀጣይ።

ከሰበታ፦ ፈቃድ ያለው ሰው ደመና ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ቢገባ ምን አለበት?

ካፒቴን፦ አሁን ምን አልኩ? የመሣሪያ በረራ፣ ማለትም ውጪ ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ ማብረር፣ ያልተማረ ከሆነ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉ 20 አብራሪዎችን ውጪ እንዳያዩ አድርጎ ፈተነ። ሃያውም መቆጣጠር አቃታቸው። በአማካይ የቆዩት 178 ሰከንድ ነው። ጆሮህ «ቀጥ ብለሃል» ይልሃል፣ አንተ ግን እየተጠማዘዝክ ትወርዳለህ። ሐምሌ ላይ የወጨጫን ተራራ አይታችሁታል? ግማሹ የለም።

ከሱሉልታ፦ ፈቃዱ ስንት ያስወጣል?

ካፒቴን፦ ትምህርት ቤቶቹን ጠይቅ። ዋጋው በየጊዜው ይቀያየራል።

ከገላን፦ ካፒቴን፣ ትንሽ አውሮፕላን አደገኛ ነው?

ካፒቴን፦ ማን ያበረው? የት? በስንት ሰዓት? እንዲህ በጅምላ አትጠይቁኝ።

ከገላን፦ ይቅርታ። ወዳጄ ላዙርህ ቢለኝ ምን ልጠይቀው?

ካፒቴን፦ እንዲህ ጠይቁ! ፈቃዱንና የጤና ምስክር ወረቀቱን ያሳይህ። ቀኑን እይ። ከመነሳታችሁ በፊት ከክንፉ ሥር ነዳጅ በብርጭቆ ሲቀዳ ተመልከት። ውኃ ካለ ከታች ለብቻው ኳስ ሆኖ ይቀመጣል። ሳይቀዳ «ትናንት አይቼዋለሁ» ካለህ ውረድ።

ከአያት፦ ለመሆኑ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ለሳላ አልበዛም?

ከቡራዩ፦ ለናንት ያገባቸውን ጎሎች ቁጠራ!

ካፒቴን፦ ደህና እደሩ።