ቮልሳችንን ምን ቀለም እንቀባው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩትን ቮልስ እያሳደስኩ ነው። ሊብሬው እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል ይለዋል። አሁን ቀይ ነው፤ በሩ ጠርዝ ላይ ሲፋቅ ግን ከቀዩ ሥር ነጭ፣ ከነጩ ሥር ደግሞ ሰማያዊ ይታያል። ጋራዡ «ሲልቨር ሜታሊክ ይሁን፣ ያምራል» ይለኛል። እኔ ግን መወሰን አልቻልኩም። ከየት ልጀምር?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የቀለም ካታሎጉን ለጊዜው ይዝጉት። አስቀድመው ሦስት ነገር ይወቁ፦ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ቀለም እንደነበረ፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚፈታ፣ ቆርቆሮው ምን ያህል ቀጥ ብሎ እንደተሠራ። እነዚህ ከታወቁ አብዛኛው ምርጫ በራሱ ጊዜ ይጠባል።

ከሞዴሉ እንጀምር። የቻሲስ ቁጥሩ የኋላ መቀመጫው ሲነሳ በመሃል ባለው የወለሉ ጉብታ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ባለ ዘጠኝ አኃዝ ሆኖ በ116 የሚጀምር ከሆነ በእርግጥ የ1966 ሞዴል ነው፤ ሦስተኛዋ አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ትናገራለች። የሞዴሉ ዓመት የሚጀምረው ከቀደመው ዓመት ነሐሴ ስለሆነ መኪናው በ1965 መጨረሻ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። የዚያን ዘመን የቮልስ ቀለሞች ኮድ በ«ኤል» ይጀምራል። ለዚህ ሞዴል ከወጡት መካከል ጥቁር (ኤል 41)፣ ሩቢ ቀይ (ኤል 456)፣ ጃቫ አረንጓዴ (ኤል 518) እና ፎንታና ግራጫ (ኤል 595) ይገኙበታል። ሰማያዊዎቹ ሁለት ናቸው፦ ጠቆር ያለው ሲ ብሉ (ኤል 360) እና ፈካ ያለው ባሃማ ብሉ (ኤል 519)። የእርስዎ ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ለማረጋገጥ የበሩን የውስጥ ልባስ ያስፈቱ። ከልባሱ ጀርባ፣ ከዳሽቦርዱ ኋላ፣ በፊት ሻንጣው ምንጣፍ ሥር ፀሐይም ቀለም ቀቢም ስለማይደርስ የመጀመሪያው ቀለም እንዳለ ይቆያል። ወለሉን ግን አይመኑ፤ የቮልስ ወለል ከፋብሪካ ሲወጣ ጥቁር ነው፣ የገላው ቀለም ምንም ይሁን ምን። ውጭ ላይ ማየት ከፈለጉ የሳንቲም ስፋት ያህል ቦታ በ400 ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ800 በውኃ እየተፋቀ ይሳሳ። ንብርብሮቹ እንደ ቀለበት ተከታትለው ይታያሉ። ነጩ ንብርብር ቀለም ላይሆን ይችላል፤ ስቱኮ (የጎደጎደ ቆርቆሮ መሙያ) ወይም ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) እንዳይሆን ይጠርጥሩ። እንደ ሸክላ የቀላ ካገኙም የፋብሪካ ቀለም ነው ብለው አይደምድሙ፤ ብዙ ጊዜ ፀረ-ዝገት ነው። በወረቀት የተደገፈ ማረጋገጫ ለሚፈልግ ደግሞ ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም በቻሲስ ቁጥሩ ፈልጎ የተሠራበትን ቀንና የመጀመሪያ ቀለሙን የሚገልጽ የልደት ምስክር ወረቀት በክፍያ ይሰጣል።

ቀጥሎ የመፍታቱ ነገር። በዚህ ሞዴል ዳሽቦርዱ ራሱ ቆርቆሮ ነው፤ በገላው ቀለም ይቀባል። የበሩ ክፈፍና የመስታወቱ ዙሪያም ከውስጥ ይታያል። ስለዚህ የቮልስን ቀለም የሚመርጥ ሰው የሚቀመጥበትን ክፍል ቀለምም እየመረጠ ነው፤ ወንበሩ ቡናማ ከሆነ ዳሽቦርዱ ጃቫ አረንጓዴ ሆኖ ከአጠገቡ እንዴት እንደሚታይ ያስቡ። ቀለሙ ከተቀየረ ሞተሩ ወርዶ ክፍሉ መቀባት አለበት፣ መስታወቶች፣ በሮችና ፓራፋንጎዎች (የጎማ ክዳኖቹ) መነሳት፣ የዳሽቦርዱ ጌጆች መፈታት አለባቸው። ይህን ሁሉ ካላስፈቱ በሩ በተከፈተ ቁጥር የድሮው ቀይ ይመጣል። የቀድሞውን ቀለም መልሶ መቀባት የሚረክሰው ለዚህ ነው፤ የውስጡ ሰማያዊ ደህና ከሆነ ተጠርጎና ተወልውሎ ሊቀር ይችላል።

ሲልቨር ሜታሊክን አንመክርም። ጋራዡ የሚወደው ዛሬ የለመደው እሱ ስለሆነ ነው። ሜታሊክ ውስጥ ያሉት የአሉሚኒየም ቅንጣቶች በሚተኙበት አቅጣጫ ብርሃን ይመልሳሉ። የቮልስ አራት ፓራፋንጎዎች በብሎን የሚታሰሩ ስለሆኑ ተፈትተው ነው የሚቀቡት፤ መሬት ላይ ተጋድሞ የተረጨ ፓራፋንጎ ሲታሰር ከበሩ ጋር አይመሳሰልም፣ አንዱ ይጠቁራል። የግድ ከሆነ ሁሉም መኪናው ላይ በሚቆሙበት አኳኋን ተሰቅለው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ የአየር ግፊት ይረጩ። ነገ አንድ ባጃጅ ቢገጨዎት ደግሞ ጭረቱን ብቻ መቀባት አይቻልም፤ ቀለሙ ወደ ጎረቤቱ ቆርቆሮ እየሳሳ መግባት አለበት። በቮልስ ክብ ገላ ላይ ደግሞ፣ ለዓይናችን፣ ሜታሊክ ያልሆነው ድፍን ቀለም ይበልጥ ያምራል።

በመጨረሻ ቆርቆሮው። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ሞገዱን ሁሉ ያጋልጣሉ፤ ክሬም፣ ግራጫና ፈካ ያለ ሰማያዊ ይደብቃሉ። ባቲላሜራው (ቆርቆሮ አቃኙ) ሥራውን ሲጨርስ ፕራይመሩ ላይ ስስ ጥቁር ቀለም እንደ ጤዛ ይነፋበትና በረጅም መፋቂያ እንጨት፣ በ320 ይፋቅ። ጥቁሩ ሳይለቅ የሚቀርበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። በሩና ጣሪያው ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ከበዛ ሲ ብሉን ይተዉትና ወደ ባሃማ ብሉ ይሂዱ። ፀሐዩም ይታሰብ፦ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጨረሩ ብርቱ ነው፤ ቀይ፣ በተለይ ያለ ክሊር (ከላይ የሚቀባ ቀለም አልባ መሸፈኛ) የተቀባ፣ ቶሎ ይገረጣል፤ ጣትዎን ሲያሳልፉበት ዱቄት ይለቃል።

ሁለት ቀለም ከቀረዎት 30 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ቆርቆሮ፣ ቢቻል ጎበጥ ያለ አሮጌ ቁራጭ፣ በሚጠቀሙበት ፕራይመር ላይ ሦስት እጅ ይቀባ። አቁመው ይዩት፤ መሬት አያጋድሙት። አንዴ በስድስት ሰዓት ፀሐይ፣ አንዴ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ አንዴ ጥላ ሥር፣ ከፓራውልቱ (ከመከላከያው) ክሮምና ከወንበሩ ቆዳ አጠገብ። በጋራዡ መብራት ብቻ የተመረጠ ቀለም ውጭ ሲወጣ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ለአንድ ቮልስ ስንት ሊትር ቀለም ልግዛ? አንዱ ሁለት ይበቃል ይላል፣ አንዱ ስድስት።
(ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ውጩ ብቻ፣ ያው ቀለም በያው ቀለም ላይ ከሆነ ሁለት ሊትር ተኩል ሊበቃ ይችላል። ውስጡ፣ የሞተር ክፍሉና የፊት ሻንጣው ከተጨመሩ አራት ሊትር ይያዙ፤ ይህ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) እና ቲነር (ማቅጠኛ) ሳይገባበት ነው። ቀይና ቢጫ ሽፋናቸው ደካማ ስለሆነ በጥቁር ግራጫ ፕራይመር ላይ አምስት እጅ ተቀብተውም ሥሩ ሊታይ ይችላል፤ ነጭ ወይም ፈካ ያለ ፕራይመር ሥሩ ካደረጉ ሦስት ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስቀምሙ። ቀለሙ በሁለት ጣሳ ከመጣ ሁለቱን በአንድ ባልዲ ገልብጠው አዋሕደው ይጀምሩ፤ አለዚያ ኮፈኑ በአንዱ፣ በሩ በሌላው ጣሳ ይሆንና ልዩነቱ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ግማሽ ሊትር ሃርድነር ሳይገባበት ከነቀመሩ ወረቀት ያስቀምጡ።

የድሬዳዋ ሙቀት ሌላ ጣጣ አለው። ፈጣን ቲነር ከሆነ ቀለሙ ቆርቆሮው ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና ፊቱ ሻካራ ይሆናል። ለሙቀት የተሠራውን ዘገምተኛ ቲነር ይጠይቁ፤ ማለዳ ይርጩ። የሃርድነሩ ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ የአቧራ ማስክ አያስቆመውም፣ ለቀለም ጋዝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። በየሰፈሩ ጋራዥ በጨርቅ አፍንጫቸውን አስረው የሚረጩትን ስናይ እናዝናለን።

ጥያቄ፦ ክሬም ቀለም ካስቀባሁ በኋላ ኮፈኑ ላይ እንደ ሽማግሌ ቆዳ ተጨማደደ። ቀለም ቀቢው «ቀለሙ ነው» ይላል፣ ሻጩ «ቀቢው ነው» ይላል። ማን ነው?
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አይደሉም፤ ሥር የነበረው አሮጌ ቀለም ነው። አሮጌው ኒትሮ (በቲነር የሚሟሟ ቀለም) ወይም በደንብ ያልጠነከረ ሲንተቲክ (በአየር ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቀለም) ከሆነ የአዲሱ ቲነር ይገባበትና ያብጣል። ያበጠው ሲነሳ አዲሱን ይዞት ይጨማደዳል። ቀቢው ቀድሞ ቢፈትሽ ኖሮ ይታወቅ ነበር፦ ነጭ ጨርቅ በቲነር አርሶ አሮጌው ቀለም ላይ ለአንድ ደቂቃ መተው ነው። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ኒትሮ ነው፤ ገጹ ከተጨማደደ ሲንተቲክ ነው፤ ምንም ካልሆነ በሃርድነር ወይም በፎርኖ (በቀለም ማድረቂያ ምድጃ) የደረቀ ነውና ተፍቆ ይቀባበታል።

አሁን ማስተካከያው አንድ ነው። የተጨማደደው ላይ ደግሞ መቀባት ገንዘብ መጣል ነው። ኮፈኑ እስከ ቆርቆሮው ይላጥ፣ በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር ይቀባ፣ ከዚያ መደበኛው ሂደት ይቀጥል። በሮቹ ካልተጨማደዱ ይተዉአቸው። ጭምድዱ ሳይሆን ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች ካሉ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያ ከፖሊሽ የቀረ ሲሊኮን ወይም ከኮምፕሬሰር የመጣ ዘይት ነው። በክረምት ከኮምፕሬሰሩ ታንክ ውኃውን በየጠዋቱ ማፍሰስም አይዘንጋ።

ጥያቄ፦ እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ መኪናው አዲስ አበባ ወንድሜ ዘንድ ነው። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ሥዕል ልኬለት «ይህን» አልኩት። ትክክል ሠራሁ?
(ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ሥዕሉ ሐሳብ ለመስጠት ይበቃል፣ ለማስቀመም አይበቃም። ያው ሥዕል በእርስዎ ስልክና በወንድምዎ ስልክ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ኮዱን ብቻ ልከውም አይመኑ፤ የድሮ ቀለሞች እርሳስ (ሊድ) ያለባቸው ማቅለሚያዎች ስለቀሩ ዛሬ በሌላ ቀመር ነው የሚሠሩት፤ ብዙ ቀማሚ ኮምፒውተር ላይም የ1960ዎቹ ኮድ የለም። እንደ ግላሱሪት ያሉ አምራቾች የድሮ ቀመሮችን ይዘዋል። እዚያው ባሉበት የቀለም መደብር ናሙናውን በትንሽ ቆርቆሮ አስቀብተው በሰው እጅ ይላኩ፤ ከጀርባው የአምራቹን ስምና ቀመሩን ይጻፉበት። አዲስ አበባ ያው የአምራች ቀለም ከተገኘ በቀመሩ፣ ካልተገኘ በቀለም ማንበቢያ መሣሪያ ከናሙናው ይቀመማል። መሣሪያው የሚያነበው ንጹሕና የተወለወለ ገጽ ስለሆነ ወንድምዎ የገረጣውን ኮፈን አያስነብብ።

ጥያቄ፦ ከወገቡ በላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ ባደርገውስ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያምራል፤ ግን በየመንገዱ እጅ እየተዘረጋ «ታክሲ!» ይባላሉ። የድሮዎቹ ላዳዎችና ሚኒባሶች ያስለመዱን አቀማመጥ ይኸው ነው። ሁለት ቀለም ከወደዱ ሰማያዊውን በግራጫ አረንጓዴ ወይም በቤዥ ይተኩ፤ መለያያው መስመር በጎኑ ያለውን የክሮም ዘንግ ይከተል፣ ቀለሙ ሲረጭ ግን ዘንጉ ይፈታ። ፈካ ያለው መጀመሪያ፣ ጠቆር ያለው ቀጥሎ ይረጫል፤ መሸፈኛ ፕላስተሩ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር ወደ ራሱ እየታጠፈ ይነሳ፤ ከጠነከረ በኋላ ጠርዙን ይዞ ይነሳል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቀለም ሌላ ከሆነ ለቦሎ ምርመራ ከመሄድዎ በፊት ቀድመው ያስተካክሉት።