ትንንሽ የእሳት እራቶችን ከፎቶ መለየት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሽሮ ከማስቀምጥበት ጓዳ ማታ ማታ እየበረረ የሚወጣው ይህ የእሳት እራት ምንድን ነው?

መልስ፦ ፕሎዲያ ኢንተርፐንክቴላ ይባላል። ክንፉን አጥፎ ሲቀመጥ ወደ ራሱ የቀረበው ሲሶ ፈዛዛ ግራጫ፣ የቀረው ደግሞ የመዳብ ቀለም ያለው በመሆኑ በፎቶ ለመለየት አያስቸግርም። ሽሮውን የሚያበላሸው እጩ (ከእንቁላል የሚፈለፈለው ትል) እንጂ በራሪው አይደለም፤ በዱቄቱ ላይ የሚያዩት ድርም የእጩ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ከበቆሎ ጎተራ የተገኘ ነው፤ ክንፉ ግን ተበጣጥሷል።

መልስ፦ አብረው የላኩት የበቆሎ ፍሬ ፎቶ ከእራቱ ይልቅ ረድቶኛል። ነቀዝ ሲወጣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ቀዳዳ ይተዋል፤ የእርስዎ ፍሬ ላይ ያለው ግን ንጹሕ ክብ ሲሆን፣ በአንዱ ላይ እጩ ለመውጫ ብሎ ያሳሳው የፍሬው ልጣጭ እንደ ክዳን ተንጠልጥሎ ይታያል። ይህ ሲቶትሮጋ ሴሪያሌላ የተባለው የእህል እራት ምልክት ነው። ሌላ ካገኙ የኋላ ክንፉን ዘርግተው ያንሱልኝ፤ ጫፉ እንደ ጣት የሾለና ዳር ዳሩ ረጅም ጸጉር ያለው መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ከቲማቲም ማሳ የያዝኩት ግራጫ እራት ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ተባይ ነው?

መልስ፦ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን ከዚህ ፎቶ ብቻ ተነሥቼ አልፈርምበትም። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ስፔን የገባውና ኋላም ወደ አፍሪካ የተዛመተው ቱታ፣ የድንች እራት ከሚባለው ዘመዱ ጋር በመጠንም በቀለምም ስለሚቀራረብ፣ ክንፉ ያረጀ ከሆነ የመራቢያ አካሉን በማይክሮስኮፕ ሳያዩ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ሁለቱም ቲማቲምም ድንችም ይበላሉ፤ ስለዚህ «ቲማቲም ላይ ስለተገኘ ቱታ ነው» ማለት አያዋጣም። የቅጠሉን ፎቶ ይጨምሩ፤ በሁለቱ የቅጠል ገጾች መካከል ሰፊ፣ ፈዛዛና ውስጡ ጥቁር ኩስ ያለበት ጠባሳ ካለ፣ ፍሬውም ከተበሳ ግምቴ ይጠነክራል።

ጥያቄ፦ በስልክ ሳነሣው ሁልጊዜ ይደበዝዝብኛል።

መልስ፦ በብርጭቆ ከድነው ለጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት፤ ይረጋል። ከዚያ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይም ከጎንም ያንሡት። በጣት አይንኩት፤ እጅዎ ላይ የሚቀረው ዱቄት የክንፉ ቅርፊት ነው፤ የምንለየውም በእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጋቢዬን የበላው ብል ይህ ነው?

መልስ፦ ፎቶው ላይ ያለው ወርቃማ እራት የልብስ ብል ነው። ሆኖም እጩ የሚመገበው ሱፍ፣ ጸጉርና ላባ ስለሆነ ንጹሕ የጥጥ ጋቢ አይጥመውም። ከጋቢው ጋር ያስቀመጡት በርኖስ ወይም የሱፍ ብርድ ልብስ ካለ መጀመሪያ እሱን ያራግፉ።