የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የባለ አራት እግር ሞተር ዘይትና ፊልትሮ

ጥያቄ፦ ሱሉልታ አካባቢ አነስተኛ የከብት እርባታ አለኝ። ሣርና ውሃ የማመላልስበት ያገለገለ ባለ አራት እግር ሞተር ከገዛሁ ዓመት አልፎኛል። ዘይት ለማስቀየር በፒክአፕ እየጫንኩ አዲስ አበባ መመላለሱ ስለታከተኝ ራሴ ልሞክረው አስቤያለሁ። ችግሩ ግን ባለፈው ጊዜ አንድ ጋራዥ ለመኪና የሚሆን ዘይት ከሞላልኝ ወዲህ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ እንደ ድሮው አይጎትትም። ዘይቱ ይሆን? ደግሞም ጎረቤቴ የተቃጠለውን ዘይት ለአጥሩ እንጨት ስጠኝ ይለኛል፤ ልስጠው ወይ?

መልስ፦ ዘይቱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በአብዛኛው መኪና ላይ ፍሪሲዮን (የሞተሩን ኃይል ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) ከሞተሩ ዘይት ተለይቶ ደረቅ ቦታ ላይ ይሠራል። ማርሽ ባላቸው አብዛኞቹ ባለ አራት እግር ሞተሮች ላይ ግን ሞተሩም፣ ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑም)፣ ፍሪሲዮኑም አንድ ዘይት ይጋራሉ፤ የፍሪሲዮኑ ሸራዎች የሚሠሩት በዘይት ውስጥ ተነክረው ነው። በዚህ ዘመን ለቤንዚን መኪና የሚሸጡ ብዙ ዘይቶች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም ስለሚጨመርባቸው፣ ያ ቅመም ሸራዎቹ ጋር ሲደርስ እርስ በርስ እንዲንሸራተቱ ያደርጋቸዋል፤ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው የማይከተለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዘይት ሲገዙ በጣሳው ጀርባ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ጃሶ ኤምኤ2» የሚለውን የጃፓኖች ደረጃ ይፈልጉ። ይህ ደረጃ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ለሞተር ሳይክል ዘይት ተብሎ ነው። «ኤምቢ» የሚለው ግን ፍሪሲዮናቸው በዘይት ለማይነከር ስኩተሮች የታሰበ በመሆኑ ለእርስዎ አይሆንም። ውፍረቱን በተመለከተ፣ የሞተርዎ መመሪያ ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ 10ደብሊው-40 ለሱሉልታ ውርጭም ሆነ ለቀኑ ፀሐይ ይበቃል። ሶማሌ ተራ ሲወርዱ የታሸገውን ይግዙ እንጂ ከበርሜል በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠውን በዋጋው ተታለው እንዳይወስዱ።

ትክክለኛውን ዘይት ሞልተው ለተወሰኑ ቀናት ከሠሩበት በኋላም ካልጎተተ፣ ወይ የፍሪሲዮኑ ገመድ ከልክ በላይ ተወጥሯል፣ ወይ ሸራው አልቋል። ገመዱን እርስዎ ያስተካክሉታል፤ ሸራው ግን የባለሙያ እጅ ይፈልጋል።

ወደ ሥራው እንግባ። ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ያቁሙና የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፤ እንደ ሾፌሮቻችን ልማድ ከጎማው ሥር ድንጋይ ማስደገፍም አይከፋም። ከዚያ ለአምስት ደቂቃ ያህል ያስነሱት። ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል፤ ረዥም መንገድ ተነድቶ ከመጣ ሞተር ላይ ከቀዱ ግን እጅዎን ያቃጥሉታል። ሆዱን የሚሸፍነው ላሜራ ቀዳዳ ከሌለው ያውልቁት፤ የመፍሰሻውን ቡሎን ዙሪያ ጭቃ በጨርቅ ካጸዱ በኋላ ሰፊ ሳህን ከሥር ያስገቡና ቡሎኑን ይፍቱ። በብዙ አነስተኛ የቻይና ሞተሮች ላይ ከትልቁ የመፍሰሻ ቡሎን ጀርባ ሞላና የወንፊት ማጣሪያ ተከትለው ሳህኑ ውስጥ ጠብ ይላሉ፤ በየትኛው አቅጣጫ እንደነበሩ አስቀድሞ ያላየ ሰው ሲመልሳቸው ይቸገራል። እንዲህ ያለው ሞተር ብዙውን ጊዜ የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ወንፊቱን በቤንዚን አጥቦ መመለስ ይበቃዋል።

ቡሎኑ ጫፍ ላይ ማግኔት ካለው ልብ ብለው ይዩት። በጣት ሲፈተግ እንደ ቅባት የሚላላ ግራጫ ደቃቅ ነገር የተለመደ እርጅና ነው፤ በጥፍር የሚያዝ ስንጥር ብረት ካገኙ ግን አዲሱን ዘይት ከመሙላትዎ በፊት መካኒክ ያማክሩ።

ፊልትሮው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከጎን በክዳን የሚዘጋው ዓይነት ከሆነ በብዙዎቹ ላይ ሞላው መጀመሪያ፣ ፊልትሮው ቀጥሎ ይገባል። ፊልትሮው ተገልብጦ ቢገባ ክዳኑ ያለ ምንም ችግር ሊዘጋ ይችላል፤ ዘይቱ ግን መንገዱ ስለሚዘጋበት ሞተሩ በአጭር ጊዜ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። በአንዳንዶቹ ላይ የትኛው ፊት ወደ ውጭ እንደሚሆን በእንግሊዝኛ ታትሞበታል፤ ካልታተመበት አሮጌውን ከማውጣትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። እንደ ጣሳ የሚጠመዘዘው ዓይነት ከሆነ ደግሞ የአሮጌው የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን ያረጋግጡ፤ የአዲሱን ቀለበት ዘይት ቀብተው በእጅ ብቻ ያጥብቁት።

የመፍሰሻውን ቡሎን ሮንዴላ (ከሥሩ የሚገባውን ቀለበት) በአዲስ ይቀይሩ። ሞተሩ አሉሚኒየም መሆኑን አይዘንጉ፤ በረዥም መፍቻ ሙሉ ጉልበት ሲጫኑት የሚበላው ቡሎኑ የሚገባበት የሞተሩ ጥርስ ነው፤ ያንን ማስጠገን ደግሞ ከብዙ ጊዜ የዘይት ወጪ ይበልጣል። ክንድ በሌለው አጭር መፍቻ፣ በእጅ አንጓ ኃይል ጠበቅ ማድረግ ይበቃል።

የዘይቱን መጠን ከመመሪያው ይውሰዱ፤ በትንንሾቹ አንድ ሊትር የማይሞላ፣ በትልልቆቹ ከሁለት ሊትር የሚበልጥ ሊሆን ይችላል። ትንሽ አስቀርተው ይሙሉና ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡ) ለሁለት ደቂቃ ያስነሱ፤ ከቡሎኑና ከፊልትሮው ሥር ጠብታ አለመኖሩን አይተው ያጥፉት። ጥቂት ቆይተው በመለኪያው ዘንግ ያረጋግጡ። በአንዳንድ ሞተር ላይ ዘንጉ ተጠምዝዞ፣ በሌላው ሳይጠመዘዝ ስለሚነበብ መመሪያውን ሳያዩ አይጨምሩ፤ ከልክ ያለፈ ዘይት በመተንፈሻው በኩል ወጥቶ የአየር ማጣሪያውን ያርሰዋል።

መቼ ይቀየር ለሚለው ኪሎ ሜትሩን ብቻ አይመኑት። የእርሻ ሞተር በአንደኛ ማርሽ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊቆጥር ይችላል። መመሪያው በየ100 ሰዓቱ ቢል፣ በበጋ አቧራና በክረምት ጭቃ ለሚሠራ ሞተር በግማሹ ይቀይሩ።

ጎረቤትዎን በተመለከተ፣ የተቃጠለ ዘይት እንጨት ላይ መቀባት በአካባቢያችን የቆየ ልማድ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ውስጡ ከሞተሩ የተፋቀ ብረትና ቆዳን የሚጎዳ፣ ካንሰር የሚያስከትል ንጥረ ነገር አለ፤ ዝናብ ያጥበውና ከብቶችዎ የሚግጡበት ሣርና የጉድጓድ ውሃዎ ውስጥ ይገባል። አይስጡት። በጀሪካን አጠራቅመው ወደ ከተማ በሚወርዱበት ቀን ዘይት የሚቀይር ጋራዥ ወይም ማደያ በርሜል ውስጥ ይገልብጡት። ሲሠሩም ጓንት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ሰንዳፋ ነኝ። በክረምቱ ወንዝ ከተሻገርኩ በኋላ የሞተሬ ዘይት ማኪያቶ መስሏል። ነድቼ ልጨርሰውና ልቀይረው?

መልስ፦ አይንዱት፤ ውሃ ገብቶበታል። ምናልባት ወንዙ በመተንፈሻው ቱቦ ወይም በአየር ማጣሪያው በኩል ገብቶ ይሆናል። ዘይቱንም ፊልትሮውንም ይቀይሩ፤ ለጥቂት ደቂቃ አስነስተው ያጥፉና እንደገና ይቀይሩ፤ ነጭነቱ እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ለዚህ እጥበት ርካሹን የሞተር ሳይክል ዘይት መጠቀም ይቻላል። የአየር ማጣሪያውንም ከፍተው ያድርቁ። ንጹሕ ከሆነ በኋላ ወንዝ ሳይሻገሩ እንደገና ከነጣ፣ ሞተርዎም ራዲያተር ያለው ከሆነ፣ ውሃው የሚመጣው ከውስጥ ነው፤ የውሃ ፓምፑ ወይም የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ይታይ።