የቢራቢሮ ካርድሽ ችግሩ እጥፋቱ ነው

ሰላም እህቴ። ለጓደኛሽ ልደት የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ካርድ ሠርተሽ መሀሉ ላይ ስታጥፊው ተሰነጠቀ፣ ክንፎቹ እኩል አልሆኑም፣ ኮላው ሲደርቅ ደግሞ ተንጋደደ ብለሻል። ሦስቱም እኔ ላይ ደርሰዋል፤ ስለዚህ አይዞሽ፣ ወረቀትሽን አትጣይው። እጥፋቱ ከተስተካከለ ሌላው ቀላል ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ። ለፕሪንተር የምንጠቀምበት 80 ግራሙ ይልፈሰፈሳል፣ ክንፉን መሸከም አይችልም። በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 250 ግራም የሚመዝነውን ውሰጂ፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል።

አሁን ስንጥቁ። ወረቀት ሲመረት አብዛኛው ቃጫ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። ቃጫውን ተከትለሽ ስታጥፊው እሺ ይላል፣ አቋርጠሽው ስታጥፊ ግን ቃጫው ይሰበርና ያየሽው ነጭ ስንጥቅ ይወጣል። አቅጣጫውን ለማወቅ ወረቀቱን ሳታጥፊ ጎበጥ አድርገሽ በመዳፍሽ ጫን ጫን በይው፣ አንዴ በቁመቱ አንዴ በወርዱ። ብዙ ሳይታገልሽ የሚጎብጥበት እሱ ነው፤ የቢራቢሮዋ ወገብ በዚያ መስመር ላይ ይዋል። ከዚያ ማስመሪያ ያዢና ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመሩን ጫን አድርገሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ሂጂበት። ጣትሽን ስታሳልፊበት ጎድጎድ ማለቱ ሊሰማሽ ይገባል። አጥፊና በማንኪያ ጀርባ ዳምጪው። ይቺን ነገር በፍጹም አትዝለያት።

ክንፎቹ እኩል ያልሆኑት ወፍራሙን ወረቀት አጥፈሽ ሁለቱን አንድ ላይ ስለቆረጥሽ ይመስለኛል፤ የታችኛው ትንሽ ስለሚንሸራተት። እኔ ግማሽ ቢራቢሮ በስስ ወረቀት ላይ እሥልና እሱን አጥፌ እቆርጣለሁ። ስዘረጋው ሙሉ ሞዴል ይሆናል። የሞዴሉን እጥፋት ከጎድጓዳው መስመር ጋር አገጣጥሜ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሬ፣ ወፍራሙን ወረቀት እንደተዘረጋ እቆርጠዋለሁ። ስትቆርጪ መቀሱን ሳይሆን ወረቀቱን አዙሪ፣ ጠርዙ ጥርስ አያወጣም። አንድ ነገር ደግሞ፣ ወገቡ ላይ አትሰስቺ። የመጀመሪያዋን ቢራቢሮ ስሠራ ቀጭን ወገብ ያምራል ብዬ ከላይም ከታችም ወደ ውስጥ ገባሁና ሁለቱን ክንፍ የያዛቸው ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ ቀረ፤ ካርዱ ሦስቴ ሳይከፈት ተቀደደ። ቢያንስ ስድስት ሴንቲሜትር ተያይዞ ይቅር። እንድትቆምልሽ ከፈለግሽ የታችኞቹ ክንፎች ጫፍ እኩል ይረፍ፣ ትንሽም ጠፍጠፍ ይበል።

መንጋደዱን ያመጣው ነጩ ኮላ ነው። ውሃ አለበት፣ ወረቀቱ ይጠጣውና ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። እንደ ሊፕስቲክ እየተሽከረከረ የሚወጣውን ደረቁን ኮላ ተጠቀሚ። ከሁሉም የምወደውን ልንገርሽ፤ በሌላ ቀለም ዙሪያውን 5 ሚሊሜትር ያነሰች ሁለተኛ ቢራቢሮ ቁረጪና ከትልቋ ላይ ወገቧን ብቻ አጣብቂ። ክንፎቿን ነጻ ተያቸው። ካርዱ ሲከፈት ቀና ይላሉ፣ ልትበር የተነሳች ነው የምትመስለው።

ብልጭልጭ አላበዛም፣ እጅ ላይ ይቀራል። ቢራቢሮን የነካ ሰው ጣቱ ላይ ዱቄት ይቀርበታል አይደል? ያ ዱቄት የክንፉ ቀለም ያለበት ጥቃቅን ቅርፊት ነው። እሱን ለማምጣት የባለቀለም እርሳስ ጫፍ በምላጭ ፋቂና ዱቄቱን ከክንፉ ሥር ወደ ጠርዙ በጣትሽ አሺው። የክንፉን ሥሮችም እንደዚያው ከወገብ ወደ ውጭ ሥሪያቸው። አንቴናዎቹን ከዚያው ወረቀት አውጪ፣ ጫፋቸው ድቡልቡል ይበል፣ የቢራቢሮ አንቴና እንደዚያ ነው። ሽቦ ግን ፖስታውን ይበሳዋል።

መልእክቱን ትንሿን ቢራቢሮ ከማጣበቅሽ በፊት ጻፊ፣ ክንፍ ከተነሳ በኋላ እጅ አይመቸውም። ፖስታውን የተዘጋችዋን ካርድ ለክተሽ በየጎኑ ግማሽ ሴንቲሜትር ጨምሪለት። ስትጨርሺ ፎቶዋን እዚህ ልቀቂልን እሺ፣ ማየት እፈልጋለሁ።