መልስ፦ ማነጻጸሪያው (ኬሚካል ያልነካው የትንኝ ቡድን) 14 በመቶ ሞቷል፤ የዴልታሜትሪን (የትንኝ መግደያ ኬሚካል) ሙከራ ውጤቴን ልጣለው?

አትጣለው፣ አስተካክለው። የሚጣለው የማነጻጸሪያው ሞት ከ20 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ከሆነ የአቦት ቀመር (የማነጻጸሪያውን ሞት ቀንሶ ውጤቱን የሚያስተካክል ስሌት) ይሠራል።

ዴልታሜትሪን ከነካቸው 100 ትንኞች 86፣ ከማነጻጸሪያው 50 ደግሞ 7 ሞተውብሃል። ከ86 ላይ 14 ቀንስ፣ 72። ከ100 ላይም 14 ቀንስ፣ 86። 72ን ለ86 አካፍለህ በ100 ስታባዛ 83.7 በመቶ ይመጣል። ከ90 በታች ስለሆነ ከጣና ዳር የሰበሰብካት የወባ ትንኝ ዴልታሜትሪንን ተላምዳለች።

ቀጥሎ 4 በመቶ ፒቢኦ (የትንኟን ኢንዛይም የሚያግድ ኬሚካል) ባለው ወረቀት 1 ሰዓት አቆይተህ፣ ወዲያው ወደ 0.05 በመቶ ዴልታሜትሪን ለሌላ 1 ሰዓት አዛውራት። ሞቱ በግልጽ ከጨመረ ኬሚካሉን የሚሰባብር ኢንዛይም አለባት፤ ያኔ ፒቢኦ ያለው አጎበር ይታሰብ። ፒቢኦ ብቻ የሚነካ ማነጻጸሪያም አትርሳ።

14 በመቶ ግን ብዙ ነው፣ ተጠንቀቅ። በባሕር ዳር የመጋቢትና የሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ይግላል፤ ሞቱ እስኪቆጠር ባለው የ24 ሰዓት ቆይታ ትንኟን ድርቀት ይገድላታል። ቱቦዎቹን በእርጥብ ፎጣ ሸፍን። በ10 በመቶ የስኳር ውሃ የነከርከውን ጥጥ ጨምቀው፤ ጠብታ ከወረደ ክንፏ ተጣብቆ ትቀራለች። በጀርባዋ ተኝታ እግሯን ብቻ የምታወራጨውን፣ መቆምም መብረርም ካልቻለች፣ ከሞቱት ቁጠራት።